ደቦን በሰዓት የለካው ሰው

«ጥናት እንዳረጋገጠው» ብሎ ንግግሩን የሚጀምር ሰው ሲገጥመኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የምሰማው። በባለቤቴ አርባ ቀን ዕለት እንኳ አንድ የተማረ ዘመድ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ገበሬው በዓል በማክበር የሚያባክነው ቀን አገሪቱን ስንት እንደሚያሳጣት ጥናት አረጋግጧል እያለ ያስረዳ ነበር። ዕለቱ የሥራ ቀን ነው። ድንኳኑን የተከሉት፣ ውሃውን የቀዱት፣ እሱ የሚጎነጨውን ጠላ የጠመቁት ሰዎች ሁሉ ሥራቸውን ጥለው የመጡ ናቸው። እነሱን አላጠናቸውም። ልመልስለት አሰብሁና ተውሁት፤ ጥቁር የለበሰች ሴት ከድንኳን ውስጥ ክርክር ብትገጥም ሐዘኗን ያሙባታል። ስለዚህ መልሱን በወረቀት እሰጣለሁ። ዓይኔም እጄም እንደ ድሮው ስላልሆኑ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ ሳልሞላ ይመሻል። የሚያስቸኩለኝም የለም።

ዘመኑ በንጉሡ ጊዜ፣ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሦስት ዓመት አልሞላንም፤ ቡሬ ነበር የምንኖረው። እሱ በአንድ የበርበሬ ነጋዴ መጋዘን ሚዛን ያዥ ነበር፤ እኔ እዚያው ለቃሚ ነበርሁ። ዛላው ከማንኩሳና ከጃቢ ወረዳ በአህያ እየተጫነ ይመጣል፤ እኛ ሃያ የምንሆን ሴቶች ሰሌን ላይ ተደርድረን ቀዩን ከነጫጩ እንለያለን፣ የሻገተውን እንጥላለን፣ ዘንጉን እንቀነጥሳለን፣ በጆንያ እንሞላለን። ከዚያ መኪና መጥቶ ወደ አዲስ አበባ ይጭነዋል። ሥራው ይኸው ነው። አፍንጫችንን በነጠላ አስረን ነው የምንውለው፤ ማታ ገላችንን ታጥበን እንኳ ባሎቻችን ያስነጥሱ ነበር።

ባለመጋዘኑን ሁላችንም አንቱ እንለው ነበር። አሁን ሞቷል፤ እኔም የምፈራው ስለሌለኝ በዚህ ወረቀት ላይ አንተ እለዋለሁ። ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም እላለሁ፤ ክፋት ራሱን የቻለ ሐሳብ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የራሱ ሐሳብ ኖሮት አያውቅም። የሚከፍለን በቀን ነበር። ማን ስንት ለቀመች ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መኪናው ሲመጣ ጭነቱ ሙሉ መሆኑን ብቻ ነው። ደህና እጅ ያላት ሴት በቀን አንድ ጆንያ ታወጣለች። ካንዷ ቢጎድል ከሌላዋ ይተርፋል።

ከእኛ መካከል የሚጎድልባቸው እማሆይ ነበሩ። ባላቸውንም ልጆቻቸውንም ቀብረው የመነኮሱ ሴት ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንዲት ጎጆ ነበረቻቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ዛላውን አንድ በአንድ አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጉና ሻጋታውን በሽታ ይለያሉ፤ በዚህ አሠራር ቀኑን ሙሉ ውለው ግማሽ ጆንያ ቢሞሉ ነው። «እጄ እስከሠራ ድረስ ከደጀ ሰላሙ ተቀምጬ እጄን አልዘረጋም» ይሉ ነበር። ይህን ያላሉበት ሳምንት አላስታውስም። ደጀ ሰላሙ ከጎጆአቸው ሃምሳ እርምጃ አይርቅም፤ የሚለምኑትንም ሰዎች በድምፃቸው ያውቋቸዋል። ከዚያ መስመር የሚለያቸው ይህ መጋዘን ብቻ እንደሆነ እሳቸውም፣ እኛም፣ ባለቤቴም እናውቃለን።

ጥናተኛው የመጣው በጥቅምት፣ በርበሬው በሚጎርፍበት ወር ነው። ወጣት ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጫማው ከመጋዘኑ ደጃፍ አቧራ ጋር ሲጣላ ይታያል። የሰዎችን የሥራ ጠባይ ለማጥናት ከአዲስ አበባ የተላከ ነው ተባለ። ማን እንደላከው ጠይቄ የሚገባኝ መልስ አላገኘሁም። የሚለካበትን ሰዓት በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። በእማሆይ ፊት ሲያልፍ ጎንበስ አለ፤ እሳቸው የሚያብረቀርቀውን ነገር መስቀል መስሏቸው ሊሳለሙ አንገታቸውን አሰገጉ። እኛ ሳቃችንን በነጠላ አፈንን። እሱ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሰዓቱን ሊሰርቁት መስሎት ይሆን እላለሁ።

በመጀመሪያ የታተመ ጥያቄ አወጣ።

«ሥራችሁን ከአንድ እስከ አምስት ስንት ትሰጡታላችሁ?»

ከጎኔ የምትቀመጠው ሴት አፏ የማይያዝ ነበረች። «ኧረ ጌታው፣ እኔ ለሥራው ምን እሰጠዋለሁ? እሱ ይስጠኝ እንጂ!»

«እንደዚያ አይደለም። አንድ ማለት ምንም አልረካሁም ነው፤ አምስት ማለት በጣም ረክቻለሁ ነው።»

«ታዲያ በርበሬ ስትለቅም የምትረካ ሴት የት አይተው ያውቃሉ? እስቲ ከዚህ ከሰሌኑ ይቀመጡና አንድ ሰባት ጊዜ ያስነጥሱ፤ ከዚያ ቁጥሩን አብረን እንመርጣለን።»

«ሦስት ልበል?»

«እንዳሻዎ ይበሉ፤ ብቻ የላከዎ ሰው እንዳይቆጣዎ።»

ሦስት አለ። ለሁላችንም ሦስት ሦስት ሳይሞላ አልቀረም፤ እርሳሱ ሲሄድ አየዋለሁ። እማሆይ ዘንድ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ዓይን ሲደክም ጆሮም የሚደክም መስሎታል።

«እማሆይ! ለሥራ የሚያነሳሳዎ ዋናው ነገር ምንድን ነው?»

«ረሃብ» አሉት።

ወረቀቱን አገላብጦ ፈለገ። «ረሃብ የሚል የለም» አለ።

«እንግዲያስ ከጠገበ ሰው ጋር ነው የተጻፈ» አሉና ዛላቸውን ወደ አፍንጫቸው መለሱ።

ይህ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ባለመጋዘኑ ለእንግዳው ደግ መስሎ ለመታየት ባይነሳ። ረፋዱ ላይ ከቤቱ ሁለት ጋን ጠላና በመሶብ ምሳ አስመጣ። በዚያ መጋዘን እንኳን ጠላ ውሃ የሰጠን የለም። እኛ ጋኑን ስናይ እርስ በርሳችን ተያየን። ጎጃም ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም። ባለ ሥራ ጠላ ጠምቆ ምግብ አቅርቦ ሰው ሲጠራ ደቦ ነው። በደቦ ቀን ሰው የሳምንቱን ሥራ ባንድ ቀን ይደፋዋል፤ እየዘፈነ፣ እየተፎካከረ፣ ወገቡ እስኪቆረጥ ይሠራል። በማግስቱ ደግሞ ይተኛል፤ የተኛ ሰውም አይወቀስም። የደቦ ጠላ ቀምሶ እንደ ዘወትር የሚሠራ ሰው ግን ስሙ ከሰፈሩ አይነሳም። ጠላውን አንጠጣም ማለት እንግዳ ፊት ባለመጋዘኑን ማዋረድ ነው። ከጠጣን በኋላ መለገም ደግሞ ራሳችንን ማዋረድ ነው።

ዘፈኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይህን በማንም ላይ አልጭነውም። ወጣት ነበርሁ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እጃችን ምን እንደሚችል ይይ ብዬ ነበር። እኔ አወጣሁ፣ ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ዛላው ከእጃችን እየዘለለ ይወድቅ ጀመር። እማሆይ እንኳ ማሽተቱን ትተው በደመ ነፍስ ቀነጠሱ። ሰውዬው ሰዓቱን እየጨበጠ እየለቀቀ በመካከላችን ይመላለሳል፤ ፊቱ እንደ ሠርገኛ በርቷል። ጠላው በማግስቱም መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን መጣ። በሦስተኛው ቀን የጣቶቻችን ጫፍ ተልጦ በርበሬው ቁስሉ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ዘፈኑም ወደ ዋይታ ተጠግቶ ነበር። ከእማሆይ በቀር እያንዳንዷ ሴት በቀን ሁለት ጆንያ አወጣች።

ባለመጋዘኑ ማንኩሳ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፤ ደቦ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ባለቤቴም ያውቃል። በዚያ መጋዘን ውስጥ የምንሠራውን ሥራ የማያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ የምንሠራውን ሥራ ሊያጠና የመጣው።

በሦስተኛው ቀን ማብቂያ ጥናተኛው ወደ ሚዛኑ ሄደ። ባለመጋዘኑ ከአጠገቡ ቆሞ ነበር።

«አንድ ማረጋገጫ እፈልጋለሁ» አለው ባለቤቴን። «እነዚህ ሦስት ቀናት እንደ ዘወትሩ ቀን ናቸው ወይስ የተለዩ ናቸው?»

ባለቤቴ መጀመሪያ ባለመጋዘኑን አየ። ቀጥሎ እማሆይን አየ፤ እሳቸው ጣታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ያቀዘቅዙ ነበር። እኔን አላየኝም።

«እንደ ዘወትሩ ናቸው» አለ። ፈረመም። ጽሕፈቱ ቆንጆ ነበር፤ የፊርማው ጭራ ወረቀቱን አቋርጦ ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ያዝሁት። «ለምን ዋሸህ?»

«እንግዳ ፊት ጌታዬን ላሳፍር?»

«እማሆይስ? ይህን ሰውዬው ልክ ነው ብሎ ቢጽፈው እማሆይ ምን ይሆናሉ?»

«እማሆይን ከዚህ ምን አገናኛቸው? ወረቀት ነው እኮ። አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ ከሌላ ወረቀት ጋር ይተኛል።»

ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ወረቀት ነው ይላል። ያን ጊዜ ናቅሁት። ባሏን የናቀች ሴት ወጡ ጨው ሲያንሰው አትጨምርም፤ እኔም አልጨመርሁም።

በማግስቱ ጠዋት ጥናተኛው መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ደረስሁበት። ከለቃሚዎቹ ግማሹ አልጋ ላይ ነበሩ።

«ጌታው፣ ሦስት ቀን ያዩት ደቦ ነው፤ የዘወትር ሥራችን አይደለም» አልሁት።

«ደቦ? ያ የምትዘፍኑት ነው?»

«ዘፈኑም አለበት። ነገሩ ግን የጠላው ነው። ጠላ ከተጠጣ ሰው እንዲያ ነው የሚሠራ፤ በማግስቱ ደግሞ ይተኛል። አሁን ገብተው ቢያዩን ይገባዎታል፤ መጋዘኑ ግማሹ ባዶ ነው።»

ማስታወሻውን አወጣና ቆሞ ጻፈ። ሲጽፍ ሳየው ልቤ ረካ፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ የተደመጠ ይመስለኝ ነበር። አባቴ የቅኔ መምህር ነበርና ዳዊት ያስደገመኝ ልጅ ሳለሁ ነው፤ ፊደል የቆጠረ ሰው አይሰማም ብዬ አልጠረጠርሁም። «በጣም ጠቃሚ ነው፤ አመሰግናለሁ» አለኝና ሄደ። ሃያ እርምጃ ገብቶ መጋዘኑን አላየም።

ጥናቱ የመጣው ከገና በኋላ ነው። ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ገጽ አማርኛ ተያይዞበታል። ባለመጋዘኑ ማንበብ ስለሚከብደው ሴቶቹን ሁሉ ሰበሰበና እኔን አስነሳኝ። «አንቺ የመምህር ልጅ፣ አንብቢላቸው።» ከሚዛኑ አጠገብ ቆሜ አነበብሁ። የአንድ ለቃሚ ልክ በቀን ሁለት ጆንያ መሆኑ ታውቋል ይላል። ዘፈን ሥራን ያፋጥናልና ይበረታታ፤ ወሬ ግን ይከልከል ይላል። ዘፈን የሚለውን ከእኔ ነው የወሰደው። ጠላ ንቃትን ይቀንሳልና ባይሰጥ ይመረጣል ይላል፤ ይህንንም ከእኔ። ከዚያ ወደ ታች፣ ከልኩ በታች የሚያወጡ ሠራተኞች የቀሩትን ወደ ኋላ ስለሚጎትቱ ቢሰናበቱ ይሻላል ይላል። እዚያ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ።

«አንብቢ እንጂ» አለ ባለመጋዘኑ።

አነበብሁ። እማሆይ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሲያበቃ፣ «ደግ ተጽፏል» አሉ፤ «ማነው የጻፈው?»

«ያ ባለ ሰዓቱ ነው፣ እማሆይ» አለቻቸው ያቺ ከጎኔ የምትቀመጠው ጎረቤቴ።

«ያን መስቀል ነው ብዬ ልሳለመው ነበር» አሉ። የሳቀ የለም።

ባለመጋዘኑ አንድ ሳምንት ሰጠን። ከሳምንቱ በኋላ ሁለት ጆንያ ያላወጣች ቤቷ ትቀመጣለች። የሚያሳፍረው ይህን ሲናገር የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ በራሱ አፍ ላሰናብትሽ ብሎ የማያውቅ ሰው ወረቀት ሲያገኝ ጀግና ሆነ። እኛም በዚያው ሳምንት ልካችንን አወቅን፦ ሳናይ መልቀም ነው። ሻጋታውም ነጫጩም ከቀዩ ጋር ወደ ጆንያው ይገባል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ሳያይ በላው። ወሬ ተከልክለን ለባለመጋዘኑ ስንዘፍን እንውላለን። በትእዛዝ የሚዘፈን ዘፈን ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ያን ያህል የሚያስጠላ ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር።

የእማሆይን ነገር ማን እንደጀመረው አላውቅም። ጎረቤቴ ትሆናለች እላለሁ። ውሃ ልጠጣ፣ ጆንያ ላምጣ ብላ የተነሳች ሴት ሁሉ በእማሆይ በኩል ታልፍና ከነጠላዋ ሥር የተቀነጠሰ ዛላ እፍኝ እፍኝ እያደረገች ከክምራቸው ላይ ትጥላለች። ሃያ ሴት ከጠዋት እስከ ማታ ሲመላለስ ጆንያ ይሞላል። እሳቸው አያዩም። ማታ ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ ባለቤቴ «ሙሉ» ይላል። የእማሆይ እጅ ይህን እንደማያወጣ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዓይኑን ሳያነሳ «ሙሉ» ይላል።

እማሆይ ግን ሌላ ነገር አመኑ። «ልጆቼ፣ እመቤታችን እጄን አበረታችው» አሉን አንድ ቀን። «በዚህ ዕድሜዬ! ዐሥር ዓመት ስለምናት ኖሬ አሁን ሰማችኝ።» ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩን፤ ስንጥቅጥቅ ብሏል። ጎረቤቴ ተነስታ ወጣች፤ ውጭ ስታለቅስ አገኘኋት። ለምን አልነገርናቸውም ብትሉኝ፣ ነግረን ምን ልንሰጣቸው ኖሯል?

በሁዳዴ መካከል ጥናተኛው ተመልሶ መጣ። ልኩ በሥራ ላይ መዋሉን ሊያጣራ ነው። ባለመጋዘኑ ከደጃፍ ተቀብሎት፣ «ሁሉም አሟልተዋል፤ እኒያ አሮጊት መነኩሴ እንኳ ሁለት ጆንያ ያወጣሉ» ሲለው ሰማሁት። ሰውዬው ተደሰተ፤ እንደሱ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ ያየሁት ልጅ ሲወለድ ብቻ ነው። ዐቅመ ደካማዋ ከቻለች ልኩ ዝቅ ያለ ሳይሆን አይቀርም፣ ሦስትም ይቻል ይሆናል አለ። ይህን እንደ ምሥራች ነው የተናገረው። እኛ ያደረግነው ምጽዋት ለሱ ማስረጃ ሆነለት።

ሰሌን አስነጥፎ ከእማሆይ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ሰዓቱን ጨበጠ። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ማለፍ የቻለች ሴት የለችም። ሁዳዴ ስለሆነ ዘፈኑ ቀርቷል፤ የሚሰማው የዛላው መሰበር ብቻ ነው። እማሆይ እንደ ልማዳቸው አንድ ያነሳሉ፣ ያሸታሉ፣ ይቀነጥሳሉ፣ ያስቀምጣሉ። ቀትር ሲሆን ክምራቸው ከጉልበታቸው አላለፈም።

«እማሆይ፣ ዛሬ ያምዎታል?» አለ ጥናተኛው።

«ደህና ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ትናንት በዚህ ሰዓት አንድ ጆንያ ሞልተው ነበር ብለውኛል።»

እጃቸው ቆመ። ክምሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከላይ ወደ ታች፣ ዙሪያውን። ለብዙ ጊዜ ዳሰሱት። ከዚያ ራሳቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

«ልጆቼ፣ ማነው ሲሞላልኝ የከረመው?»

«እመቤታችን መስላኝ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ወዲያው ቀና ብለው ለሰውዬው፣ «ይጻፉ፤ ፊደል ቆጥረው የለም? የኔ ይቺ ናት። የቀረው የነዚህ ነው» አሉትና ትንሿን ክምር በሁለት እጃቸው ወደሱ ገፉለት።

ባለመጋዘኑ ፊቱ ጠቆረ። ወደ ሚዛኑ ዞረ። «አንተ አይደለህም በየማታው ሙሉ ነው ያልኸኝ?»

«ሙሉ ነበር» አለ ባለቤቴ። «የሳቸው ግን አልነበረም። የማናቸውም ልክ ሁለት ጆንያ አይደለም። ያን ጊዜ በጥቅምት ደቦ ነበር፤ እርስዎም ያውቃሉ። ፈርሜ ዋሽቻለሁ።»

ሁላችንም ወደ ጥናተኛው አየን። ይህን የሚጠብቅ ሰው ካለ እሱ መሆን ነበረበት፤ የለፋበት ነገር ሁሉ በጥቂት ቃል ተነግሮታል። ማስታወሻውን አልከፈተም። ሰዓቱን ካንገቱ አውጥቶ ኪሱ ከተተና፣ «ይህ ከጥናቱ ውጭ ነው» አለ። ቃሉ ይህ ነው። ከዚያ ሱሪውን አራግፎ ተነሳ።

እዚያው በቆምንበት ባለመጋዘኑ ባለቤቴንና እማሆይን አሰናበተ። እኔን አላሰናበተኝም፤ የሚያነብለት ያስፈልገው ነበር መሰለኝ። እኔ ግን በዚያ ዕለት ነጠላዬን አራግፌ ወጣሁ። ከኩራት አይደለም፤ ባሌን ያባረረ ሰው ዘንድ ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።

ሦስታችን በቡሬ መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ባለቤቴ እማሆይን በክንዳቸው ይዟቸዋል። ለአምስት ወር አልቀና ያለ አንገቱ ቀንቶ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉት እማሆይ፤ «ያን ጊዜ በጥቅምት ተናግረህ ቢሆን ብቻህን ነበር የምትባረር። አሁን ሁለት ሆነናል። መዘግየትህ ለጨዋታ በጀን።»

ሳቀ። ብዙ ወር ያልሰማሁት ሳቅ ነው። እኔ አልሳቅሁም። እውነቱን ልናገር፤ እውነት ተናገር ብዬ ስነዘንዘው የከረምሁት እኔ፣ የተናገረ ዕለት ተናደድሁበት። በጥቅምት ስለዋሸ ናቅሁት፤ በሁዳዴ እውነት ስለተናገረ ነገ ምን እንበላለን እያልሁ በሆዴ ረገምሁት። ያን ጥናተኛ ስንቀው ይህን አስታውሳለሁ፤ እሱ ቢያንስ የማያውቀውን ነው የካደው።

ጎጆአቸው ደጃፍ ስንደርስ ባለቤቴ ቆመ።

«እማሆይ፣ እኛ ዘንድ ይግቡ። ወደ ፍኖተ ሰላም እንሄዳለን፤ የሚስቴ ዘመዶች ከዚያ አሉ። ያለችንን አብረን እንቀምሳለን።»

ይህን ብሎ ወደኔ ዞረ። እሳቸውም ፊታቸውን ወደኔ አደረጉ፤ ባያዩም የት እንደቆምሁ ያውቃሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቤት እመቤት የምትለው ይታወቃል፤ «ኧረ ይግቡ፣ እናቴ» ትላለች፤ ከልቧ ባይሆን እንኳ ቶሎ ብላ ትላለች። እኔ ዝም አልሁ። ምናልባት ሦስት ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ፣ «አዎ፣ ይምጡ እንጂ» አልሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «መንገዱ ይርቀኛል።»

የፋሲካ ማግስት ቡሬን ለቅቀን ስንሄድ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አለፍን። እማሆይ ከደጀ ሰላሙ ረድፍ በስተመጨረሻ ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸውን ገና አልዘረጉም፤ ጭናቸው ላይ አድርገውታል። ባለቤቴ ሄዶ ጉልበታቸውን ስሞ ተመለሰ። እኔ እቃውን እጠብቃለሁ ብዬ ከመንገዱ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ በትዳር ብዙ ዘመን ኖረናል፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ልጆች ወለድን፣ ቤት ሠራን፣ ተጣላን፣ ታረቅን። በጠብ ቀን ሰው የማያነሳው የለም፤ እኔ ያችን የጥቅምት ፊርማ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁበት አላስታውስም። እሱ ግን ያን የኔን ሦስት ትንፋሽ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም። እንዳልሰማው እያሰብሁ ነበር የምጽናና። ሊሞት ሰሞን ግን ስለ ቡሬ አጫወተኝ፤ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ጎረቤቴ አፍ፣ ስለ ባለ ሰዓቱ ሁሉንም እያነሳ ሳቀ። ጨዋታው ከእማሆይ ጎጆ ደጃፍ ሲደርስ ዝም አለ፤ ውሃ ስጪኝ አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።